ብሎን የሚያስረው ፈሳሽና የቢቸና ባለ ሱቅ

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ከገበያው ዳር ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የወፍጮ ድምፅ ነው። ስሙ በተጠራው በዚህ የጤፍ አገር ወፍጮው፣ እህሉን ወደ ደጀንና ወደ አዲስ አበባ የሚያወርደው አይሱዙ፣ በከተማው ውስጥ የሚመላለሰው ባጃጅ ሁሉ በብሎንና በዳዶ የተሳሰሩ ናቸው። ሁሉም ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣሉ። የወፍጮው ሞተር ከመቀመጫው ጋር የታሰረበት ብሎን በላላ ጊዜ ቺንጋው መሥመሩን ይስታል፤ ቺንጋው ሲበጠስ ወፍጮው ይቆማል፤ ከሩቅ ቀበሌ እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬም ሳያስፈጭ ይመለሳል። የጉዳቱ ሁሉ መነሻ ግን አንድ ዳዶ ነው።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣው ትንሽ ጠርሙስ የብሎን ማሰሪያ ፈሳሽ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያው አምራች ስም ሎክታይት ይለዋል። ከሱፐር ግሉ ጋር በአንድ መደርደሪያ ተቀምጦ እንደ አንድ ዕቃ መሸጡ ግን ስሕተት ነው። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። ይህኛው በተቃራኒው አየር ባገኘ ጊዜ ሁሉ ፈሳሽ ሆኖ ይኖራል፤ በብሎንና በዳዶ ጥርስ መካከል ገብቶ አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ይጠነክራል።

የፈሳሹ ታሪክ አጭር ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመሳሳይ ፈሳሽ ቀደም ብሎ አግኝቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ሳይደርቅ ለማቆየት ያለ ማቋረጥ አየር ይነፋበት ስለ ነበር ለገበያ አልተመቸም። በሃርትፎርድ ከተማ በትሪኒቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ቨርነን ክሪብል በ1953 እ.ኤ.አ. በጠርሙስ ሊቀመጥ የሚችል አድርገው ሠሩት። ያቋቋሙት ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሄንከል ለተባለው የጀርመን ኩባንያ ተላልፏል።

ከዚህ ላይ ባለ ሱቅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጠርሙሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ሙሉ አይደለም። ገዢው «ግማሹን ማን ወሰደው?» ብሎ ቢቈጣ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ባዶው ቦታ ፈሳሹን ከመድረቅ የሚጠብቀው አየር ነው። ፕላስቲኩም አየር በጥቂቱ እንዲያሳልፍ ተብሎ የተመረጠ ነው። ገዢን ለማስደሰት ሲል የሁለቱን ጠርሙስ ፈሳሽ በአንዱ የሞላ፣ ወይም ወደ ብረት ዕቃ የገለበጠ ነጋዴ ሸቀጡን በገዛ እጁ አበላሸ።

የትኛው ቀለም ለየትኛው ብሎን እንደሚሆን ለማስረዳት ከጠመንጃ መነጽር የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። የጦር መሣሪያ ጉዳይ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የሚመራ ስለ ሆነ የባለ ሱቅ ሥራ አይደለም፤ የምንወስደው ትምህርቱን ብቻ ነው። መነጽሩን የሚሸከመው እግር ከጠመንጃው ጋር የሚታሰረው አብዛኛውን ጊዜ ውፍረታቸው ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል በሆነ ጥቃቅን ብሎኖች ነው። ጥይት በተተኰሰ ቍጥር ኃይለኛ ምት ይደርስባቸዋል። በሁለቱ የእግር ማሰሪያዎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ አንደኛው የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብቻ ቢነቃነቅ፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች በእግሩ ብሎን ላይ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ያደርጋሉ። መነጽሩን በሚያቅፈው ቀለበት ብሎን ላይ ግን ብዙ ፋብሪካዎች ምንም እንዳይደረግ ያዝዛሉ፤ ፈሳሹ ሳይደርቅ እንደ ዘይት ስለሚያንሸራትት፣ በተለመደው ኃይል የጠበቀው ብሎን ከልክ በላይ ተጨንቆ ቱቦውን ይጐዳልና። ቀዩን የተጠቀመ ደግሞ ብሎኑን ለመፍታት ወደ 250 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ የብሎኑ ራስ ይላሻል።

የወፍጮ ቤቱም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በሎክታይት አቈጣጠር 222 የተባለው ወይን ጠጅ ለጥቃቅን ብሎን፣ 242 እና 243 የተባሉት ሰማያዊዎች በተለመደ ቁልፍ ለሚፈታ ብሎን፣ 271 የተባለው ቀይ ዘወትር ለማይፈታ ብሎን ነው። 290 የተባለው አረንጓዴ አስቀድሞ በጠበቀ ብሎን ላይ ተንጠባጥቦ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሌሎች ፋብሪካዎች ቀለሙን ሊለውጡ ስለሚችሉ ጽሑፉን ማንበብ ይገባል። ለአገራችን ሰው የሚበዛው ፍላጎት የሰማያዊው ነው፤ የወፍጮም ሆነ የመኪና ብሎን ለጥገና ይፈታልና። «ይህኛው ይበልጥ ይጠነክራል» ብሎ ቀዩን ለሁሉ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ገዢውን ነገ ከጋራዥ ወጪ ላይ ይጥለዋል።

ብዙዎች የሚታመኑበት ስፕሪንግ ሮንዴላም እንደሚታሰበው አይደለም። ጌርሃርድ ዩንከር የተባሉ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ብሎንን ከሁሉ ይልቅ የሚፈታው ከጐን ወደ ጐን የሚሆነው መንሸራተት መሆኑን አሳይተዋል፤ ሮንዴላው ይህን እምብዛም አያግድም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ጥርሱ ከግሪስና ከዘይት መጽዳት አለበት። 243 ጥቂት ዘይት ይችላል፤ በግሪስ የተነከረ ብሎን ግን የሚችል የለም። በማይዝግ ብረት ላይ መድረቁ ይዘገያል። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ22 ዲግሪ ሙቀት ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋዎች ስለ ሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ማታ ያጠበቀውን ሞተር ጎሕ ሲቀድ የሚያስነሣ ባለ ወፍጮ ፈሳሹን በከንቱ አፈሰሰ።

በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። አንዳንድ ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። እህልና ዱቄት በሚነካው የወፍጮ ክፍል ውስጥ አይግባ። የአይሱዙ የጎማ ዳዶም እንዲሁ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ጭነት መኪና ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚግል አሽከርካሪዎች ያውቁታል፤ የጎማ ዳዶ በታዘዘለት ልክ በቁልፍ ጠብቆ፣ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ዳግመኛ የሚታይ እንጂ በፈሳሽ የሚታመን አይደለም።

ለአስመጪዎች የምናሳስበው ስለ መጠኑና ስለ ቀኑ ነው። 10 ሚሊ ሊትር የያዘች ጠርሙስ ወደ 200 የሚሆን ጠብታ ስለምትሰጥ ለአንድ ወፍጮ ቤት ብዙ ጊዜ ትበቃለች፤ ትልቁ ጠርሙስ ለጋራዥ እንጂ ለገጠር ሱቅ አይመችም። ጊዜው ያለፈበት ፈሳሽ በዐይን አይለይም፤ የሚታወቀው ብሎኑ ከላላ በኋላ ነው። ስለ ሆነም ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ አከፋፋይ የሚረከብ ባለ ሱቅ ካርቶኑን ሳይሆን በየጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቀን ይመልከት፤ የተረከበውንም ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቆ፣ ከ8 እስከ 21 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጥ። በዚህ ረገድ የቢቸና ብርድ ለነጋዴው አጋዥ ነው።