ርዕሰ መምህር ክፍል ሲገባ

የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከጠዋቱ ሰልፍ ጀምሮ ፋታ የለውም። የወረዳ ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የወላጅ አቤቱታ ይጠብቁታል። ክፍል ገብቶ ትምህርቱን መከታተል ለነገ እየተባለ ይቆያል። ሲገባም ብዙ ጊዜ ቅጽ ይዞ ነው፤ ዕለታዊ ዕቅድና መርጃ መሣሪያ መኖሩን ያያል፣ ነጥብ ይሞላል፣ ተፈራርመው ይለያያሉ።

ይህ ለተማሪው ምን ይፈይዳል? ጄሰን ግሪሶም፣ ሱዛና ሎብና ቤንጃሚን ማስተር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት የሚያስደነግጥ መልስ አለው። በአሜሪካ ማያሚ-ዴድ 100 ያህል ርዕሳነ መምህራን ሙሉ የሥራ ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ተመዘገበ። ማስተማርን ከሚመለከቱ ሥራዎቻቸው ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የወሰደው አጭር የክፍል ጉብኝት ነበር። ጉብኝት በበዛበት ግን የተማሪዎች ውጤት አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ዝቅ ብሎ ታየ። ርዕሰ መምህሩ መምህሩን ቀርቦ ሲያሠለጥን ግን ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለዚህ የዋለው ጊዜ ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ቀርቦ ማገዝ እንዴት ይሆናል? ሞሪስ ኮጋንና ሮበርት ጎልድሃመር ከሃርቫርድ ተነሥተው ያስፋፉት አሠራር ምልከታውን በሁለት ውይይቶች መካከል ያስቀምጠዋል፤ አንዱ ከክፍል በፊት፣ ሌላው ከክፍል በኋላ።

አንድ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር እንውሰድ። አስቀድሞ፣ «ከኋላ የተቀመጡት አይሳተፉልኝም» ብሏል። ርዕሰ መምህሩ የዴስኮቹን አቀማመጥ በወረቀት ይሥላል፤ ተማሪ በተጠራ ቁጥር በቦታው አንድ ጭረት ያሰፍራል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጭረቱ በሙሉ ከፊት ሁለት ረድፎች ላይ ተሰብስቧል። መምህሩ «ገባችሁ?» ባለ ቁጥር ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ብሏል፤ ማን እንደገባው ግን አልታወቀም። ወረቀቱን አብረው ሲያዩ ወቀሳ አያስፈልግም። «ገባችሁ?» ቀርቶ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ በደብተሩ ቢሠራና መምህሩ ከኋላው ረድፍ ጀምሮ ቢያይስ? ይህን ይዘው ይወጣሉ፤ ርዕሰ መምህሩም ይህንኑ ለማየት ተመልሶ ይገባል።

ከባዱ እንቅፋት ሌላ ነው። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው ሰው ለእርዳታ ሲመጣ፣ የትኛው መምህር ድክመቱን አውጥቶ ይነግረዋል? በዚያ ላይ አንድ ርዕሰ መምህር ኬሚስትሪንም አማርኛንም እኩል አያውቅም። ስለዚህ የትምህርት ክፍል ተጠሪውና ያንኑ ትምህርት የሚያስተምሩ ባልደረቦች ክፍል ገብተው፣ ነጥብ ሳይሰጡ ቢያግዙ የተሻለ ነው። መምህራን በየዓመቱ ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ እንዲያውሉ የሚጠበቀው 60 ሰዓትም ሰነድ ከማጠራቀም ይልቅ ለዚህ ቢውል ይበጃል። ወረዳዎችም ርዕሰ መምህሩን በትምህርት ሰዓት ለስብሰባ መጥራት ማቆም አለባቸው።