«ምክር ተሰጥቷል» ከሚለው ካርድ በስተጀርባ

«ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው» ሲባል ጤና ጣቢያዎቻችን መጀመሪያ የሚያስተካክሉት መዝገቡን ነው። ቁጥር ይደመራል፣ ካርድ ይደረደራል፣ የመድኃኒት ክምችት ይታያል። ክትባትና ወባ ላይ ይህ ብዙ ይናገራል። የንግግር ሕክምና ላይ ግን መዝገቡ ዲዳ ነው፤ ሕክምናው ራሱ ንግግሩ ነውና።

ከሚሴ ውስጥ ነው እንበል። ከዳዋ ጨፋ የመጡ እናት እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል፤ ከሠልጣኙ ባለሙያ ፊት ተቀምጠው ሲያወሩ መሐል ላይ «መኖሩም ሰለቸኝ» አሉ። ልጁ ክፉ አይደለም። «አብሽሩ እናቴ፣ ሶብር ያድርጉ፣ ያልፋል» አለና ወደ እንቅልፋቸው ጉዳይ ተመለሰ። ካርዱ ላይም «ምክር ተሰጥቷል» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም። ራሳቸውን ስለማጥፋት አስበው እንደሆነ ግን ሳይጠይቃቸው ቀረ። (መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል የሚሉ አሉ፤ ጥናቶች ይህን አይደግፉም።)

ልጁ ይህን ለአሠልጣኙ ይነግረዋል? በ1996 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ከሠልጣኝ ቴራፒስቶች 97 በመቶው ከአሠልጣኛቸው የሸሸጉት ነገር እንዳለ ተናግረዋል። የከፋው ግን የተሸሸገው ሳይሆን ያልታወቀው ነው፤ ሰው ያላስተዋለውን ስህተት ሪፖርት አያደርግም። በ2012 እዚያው አሜሪካ 129 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ራሳቸውን ከእኩዮቻቸው ጋር ሲያወዳድሩ፣ ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድም አልነበረም።

መድኃኒቱ ውይይቱን ራሱን መስማት ነው፤ አዲስም አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ የተቀዳ ሙሉ የሕክምና ውይይት ቃል በቃል ያሳተመው በ1942 ነበር። በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዎርክሾፕ በኋላ የሥራቸው ቅጂ ተሰምቶ አስተያየት ወይም የቅርብ እገዛ ያገኙ ባለሙያዎች ዎርክሾፕ ብቻ ከወሰዱት የተሻለ ክህሎት እንዳሳዩ ደርሶበታል። አበልና ሰርተፍኬት ተይዞ ወደ ቤት የሚኬድበት ሥልጠናችን ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ኢትዮጵያ በ2012 ባወጣችው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ወስናለች። ስለዚህ ሥራው ሊታይ የሚገባው የአእምሮ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ነርሱና ጤና መኮንኑም ነው። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ። ብራንደን ኮርትና ባልደረቦቹ ኔፓል ውስጥ ያዘጋጁት «ኢናክት» የተባለ መመዘኛ፣ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «ኢኩዊፕ» ብለው ይፋ ባደረጉት መድረክ ውስጥ ተካቷል፤ መድረኩ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አንድ ሰው ታካሚ ሆኖ ይተውናል፣ ሠልጣኙ ያነጋግረዋል፣ ተመልካቹ እያየ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። 1 ማለት «ደካማ» ሳይሆን «ሊጎዳ የሚችል» ነው፤ ታካሚን መዝለፍ ወይም ማስፈራራት እዚያ ይወድቃል። እኔ ከመመዘኛው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ትወናው ለከሚሴ ሌላም ጥቅም አለው። በእውነተኛ ሕክምና ጊዜ በሩ ጥግ ወንበር ይዞ የሚያዳምጠው ተመልካች ሰኞ ባቲ ገበያ ከታካሚዋ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ በትወና ግን የማንም ገመና አይወጣም። እውነተኛ ታካሚ ሲኖር ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ እምቢ ካሉም ምልከታው ይቀራል እንጂ ሕክምናቸው ሊጓደል አይገባም።

ከሚሴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትልቁ ጥያቄ ግን ቋንቋ ነው። ታካሚዋ በኦሮምኛ ስትናገር ኦሮምኛ የማያውቅ ተመልካች ዓይንና አቀማመጥ ያያል እንጂ ቃሉ ያመልጠዋል። በአስተርጓሚ በኩል «መኖር ሰለቸኝ» ያለችው «ደክሟታል» ተብሎ ቢደርሰው ምኑን ሊመዝን? እንዲህ ያለው ምልከታ ለስሙ ብቻ ነው።

ሠልጣኝ የምትልኩ ተቋማትና የዞኑ ጤና መምሪያ፣ የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ወረቀትና ኦሮምኛ አሳምሮ የሚያውቅ ተመልካች ነው። በሚቀጥለው ሱፐርቪዥን መዝገቡን ከማገላበጣችሁ በፊት አንድ ውይይት አዳምጡ።