ሁዳድ፣ ወንፈልና የጫት ንግድ፦ ቢሮክራሲ ከፋብሪካ በፊት

በደረጃ የተዋቀረ ሥልጣን፣ የአስተዳደር ሠራተኛና በሹመት ልክ የሚታደል ጥቅም ያለበት የሥራ አደረጃጀት ቢሮክራሲ ይባላል። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 በታተመ ሥራቸው ይህን አደረጃጀት የምክንያታዊ አሠራር መገለጫ አድርገው አቅርበውታል። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ስታንሊ ዩዲ ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ከ150 ኢንዱስትሪ አልባ ማኅበረሰቦች የተወሰዱ የሥራ ቡድኖችን አወዳድረው የተለየ ውጤት አገኙ። የሹመት ተዋረድና በማዕረግ የሚበላለጥ ድርሻ አብረው ይገኛሉ፤ ውስን ዓላማና ለተሠራው ሥራ የሚሰጥ ዋጋም እንዲሁ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ግን እምብዛም አይገጥሙም።

በኢትዮጵያ ሁለቱም ዓይነት አደረጃጀት ነበረ። በሁዳድ እርሻ ገበሬው የባለ ጉልቱን መሬት በግዴታ ያርስና ያጭድ ነበር። ትእዛዙ ከባለ ጉልቱ ወደ ወኪሉ ምስለኔ፣ ከምስለኔው ወደ መንደሩ ጭቃ ሹም፣ ከዚያም ወደ ገበሬው ይወርዳል። ምርቱ የሚገባው ማረሻ ላልጨበጠው ጌታ ስለነበር የድርሻው መለኪያ ሹመት እንጂ ላብ አልነበረም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ከነግዴታው አስቀረ።

ወንፈል የሁዳድ ተቃራኒ ነው። ጎረቤታሞች በየተራ አንዱ በሌላው ማሳ ይሠራሉ፤ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል። ሹምም ጸሐፊም የለውም፤ ሒሳቡ ግን አይሳሳትም፤ የቀረ ሰው ተራው ሲደርስ ረዳት ያጣል። በደቦ ደግሞ ጠሪው ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው ለአንድ ቀን ያሰባስባል። በሐረርጌ ጉዛ የሚባለው የመረዳጃ ሥራም ከዚሁ ወገን ነው።

ሥራው በብዙ እጅ ሲያልፍ ግን አስተባባሪ ያስፈልገዋል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የሐረርጌ ጫት በቶሎ ስለሚጠወልግ ለቀማው፣ በአወዳይ የሚደረገው ንግድና ጭነቱ በሰዓት መያያዝ አለባቸው። ድንበር ሲሻገርም ፈቃድና ቀረጥ አለበት። ጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያና ዙሪያው ሲደርስ ግን ቸርቻሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው ከደንበኞቻቸው ጋር በትውውቅና በዱቤ ይገበያያሉ።

ስለዚህ ተዋረድ የሚበጀው ቅንጅት የሚሻ ሥራ ሲኖር ነው። የሁዳዱን የመሰለው ተዋረድ ግን ሥራውን ሳይሆን ሹመቱን ያገለግላል፤ ወንፈልን ያለ ሹም ያቆየው ደግሞ የልፋት እኩልነት ነው።