ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ
አባት ወይም እናት ያጣ ልጅ ሐዘኑን እንዴት ይወጣው?

ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ሱሉልታ ማለዳዋ ብርድ ነው። መኪኖች ጉሙን እየሰነጠቁ ያልፋሉ፤ ወተት የያዙ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ ለመውረድ መንገድ ዳር ይቆማሉ። እንዲህ ባለ ማለዳ አንድ ቤት እናስብ። አባት ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። የእድሩ ድንኳን ተነቅሏል፤ አግዳሚ ወንበሩ ተመልሷል፤ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ትናንት ተሳፍሯል። እናት ዒዳ ላይ ናት። የበኩር ልጅ ላሞቹን አልቦ ሲገባ የአባቱን ጋቢ በተሰቀለበት ያየዋል። ጀናዛው ሲወጣ ያላለቀሰው ልጅ አሁን፣ ማንም በሌለበት፣ እንባው ይመጣል። ወዲያውም በራሱ ያፍራል። «ወንድ ልጅ ነህ፣ ሶብር አድርግ» ተብሏልና።

ውድ አንባቢያን! ለመሆኑ ሶብር ማለት አለማልቀስ ነውን?

በሐበሻ ምድር የተወለዱት የቲሞች

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ታሪክ ከአገራችን ጋር የተሳሰረ ነው። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከባለቤቱ ከአስማእ ቢንት ዑመይስ ጋር (ረ.ዐ.) የመካን ግፍ ሸሽቶ ወደ ሐበሻ መሰደዱን ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቻቸው አብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተወለዱት እዚሁ ነው። ቤተሰቡ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 628) መዲና ገባ። በተከታዩ ዓመት ጀዕፈር በሙእታ ጦርነት ሸሂድ ሆነ።

አስማእ እንደተረከችው በዚያ ቀን ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤቷ መጥተው የጀዕፈርን ልጆች አስጠሩ። አቀፏቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አፈሰሰ። አስማእ ነገሩ ገባትና ስለ ባሏ ጠየቀች፤ መገደሉን ነገሯት። ከዚያም ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄደው ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠሩ አዘዙ፤ ሐዘን ይዟቸዋልና።

ልብ እንበል! እንባቸውን በልጆቹ ፊት አልደበቁም። እርሳቸው ራሳቸው አባታቸውን ሳያዩ የተወለዱ፣ በስድስት ዓመታቸውም እናታቸውን ያጡ የቲም ነበሩ። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ የእናታቸውን ቀብር ሲጎበኙ አልቅሰው አብረዋቸው የነበሩትን አስለቅሰዋል። የተከለከለው ፊት መንጨት፣ ልብስ መቅደድና በአላህ ውሳኔ ላይ ማማረር ነው። እንባ ግን እዝነት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ድስቱ ነው። ምግቡን ያበሰለው ጎረቤት እንጂ ሐዘንተኛው አልነበረም። በእኛ ዘንድ ግን አንዳንዱ ቤት ለቀስተኛን ለማብላት ሲል ይበደራል። የቲሞች ከሐዘናቸው ላይ ዕዳ ሊጨመርባቸው ይገባልን?

ሦስተኛው ትምህርት ከለቅሶው በኋላ የሆነው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተመልሰው መጡ። ለቅሶው እንዲያበቃ ነገሯቸው፤ ፀጉር ላጭ አስጠርተው ልጆቹን አስላጩ። አስማእ ስለ የቲምነታቸው ስታማርርም በዚህም ዓለም በወዲያኛውም ኃላፊያቸው እርሳቸው መሆናቸውን ገለጹላት። ለቅሶው ቆመ፤ የልጆቹ ጉዳይ ግን ባለቤት አገኘ። እኛስ? ሦስት ቀን ድንኳን እንሞላለን፤ በአራተኛው ቀን ግን ያንን በር የሚያንኳኳ ስንቱ ነው?

የልጅ ሥራ አላለቀም

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! ሐዘንን ከሚያከብደው ነገር አንዱ «ሳልክሰው ሄደ፣ ሳልጦራት ሞተች» የሚለው ጸጸት ነው። በእስልምና ግን ለወላጅ በጎ መዋል በሞት አይቋረጥም። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ.) እናቱ የሞተችው እርሱ በሌለበት ነበር። ስለ እርሷ ሰደቃ ቢሰጥ ይጠቅማት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀ። እንደሚጠቅማት ሲነግሩት የአትክልት ቦታውን ሰደቃ አደረገላት። ጸጸቱን ወደ ሥራ ለወጠው።

ስለዚህ ዱዓ እናድርግላቸው። የአቅማችንን ሰደቃ እንስጥ። ውርስ ከመከፈሉ በፊት የሟች ዕዳ ይከፈል፤ ኑዛዜም ካለ ይፈጸም፤ ይህ የቁርኣን ትእዛዝ ነው። ወላጅ የሚቀጥለውን ዝምድና እንቀጥል፤ ወዳጆቹን እንጎብኝ። ከአባት የቆየ ጓደኛ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ልጅነቱ መስማት የልጅን ልብ ያሳርፋል።

ለትንንሾቹ ደግሞ እውነቱን እንንገራቸው። «አባባ መንገድ ሄዷል» የተባለ ሕፃን በር በሩን እያየ ይኖራል። ሲያድግም የሐዘኑን ያህል መታለሉ ያመዋል። አባቱ እንደሞተ፣ ወደ አላህ እንደተመለሰ፣ የሞተውም በእርሱ ጥፋት እንዳልሆነ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

ሐዘን ቀጥ ባለ መንገድ አይሄድም። ተሻለኝ ሲሉት በዒድ ቀን፣ ወይም በረመዳን የመጀመሪያው ኢፍጣር ላይ፣ ባዶው ቦታ ሲታይ ተመልሶ ይመጣል። ይህ የኢማን ድክመት አይደለም። ነገር ግን ወራት አልፈው እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርትና ሥራ እንደታወኩ ከቀሩ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ፣ ከ6 ወር በላይ ሳይበርድ ኑሮን የሚያውክ ሐዘንን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም መጠበቅ አይገባም። ከሱሉልታ ለሚወርድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። መታከም ሶብርን አይቃረንም፤ መታከምን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው አዘዋልና።

ከሐበሻ የሄደው የቲም፣ አብደላህ ኢብን ጀዕፈር፣ አድጎ በለጋስነቱ ስሙ የሚጠራ ሰው ሆነ። ያቀፈው ሰው ነበረና እርሱም ሌላውን አቀፈ።

እንግዲህ በሠፈራችን ድንኳኑ የተነሳበትን ቤት እናስታውስ። በአራተኛው ቀን፣ በአርባኛው ቀን፣ በዓመቱም እናንኳኳ። ያ ልጅ ጋቢውን አቅፎ ሲያለቅስ ብናገኘው «ተው» አንበለው፤ አጠገቡ እንቀመጥ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሞቱት ወላጆቻችን ምሕረቱን ይለግሳቸው፤ ለየቲሞቻችንም መልካም ጠባቂ ይሁናቸው። አሚን።