በገዛ ሥራው ላይ የጓደኛው ስም ተገኘ!

ሁለቱ ወጣቶች አብሮ አደጎች ናቸው። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩበት ትንሽ ስቱዲዮ በጋራ ከፈቱ። አንደኛው በዊንዶውስ፣ ሌላኛው በሊኑክስ ላፕቶፕ ይሠራሉ። ሥራቸውን የሚያስቀምጡት ግን በአንድ የጋራ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ነው።

አንድ ቀን ባለ ላፕቶፑ በጓደኛው ዊንዶውስ ላይ በራሱ ስም ገብቶ፣ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውን ሊያርም ቢል... አይፈቀድልህም ተባለ! የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ቢያይ የጓደኛው ስም!

‹‹እንዴ! የለፋሁበትን በስምህ አዞርከው?››

‹‹ኧረ በእናትህ! አልነካሁትም!››

ነገሩ ከረረ። ሽርክናው ሊፈርስ ጫፍ ደረሰ።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነበር? የማንም! ሊኑክስ ፋይል ላይ የሚመዘግበው የባለቤቱን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000፣ ቀጣዩ 1001 ይሰጠዋል። ልጁ በላፕቶፑ ላይ ብቻውን ነውና 1000 ነው። በጋራው ኮምፒውተር ግን ጓደኛው ቀድሞ ስለተመዘገበ 1000 እሱ ሆነ፤ ልጁ 1001። ሁለቱን ሊኑክሶች የሚያገናኘው ኤንኤፍኤስ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ቁጥሩን አምኖ ይቀበላል እንጂ ‹‹ማነህ?›› አይልም። የሌሊቱ ሥራ በጓደኛው ቁጥር ገባ!

ዊንዶውስ ሰውን የሚያውቀው በሌላ፣ በረጅም መለያ ነው። ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው አስተርጓሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ አንድሩ ትሪጅል አውስትራሊያ ውስጥ የጀመረው ሳምባ ነው። ሳምባ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ከዚያ ሰውየውን ከሊኑክስ ቁጥሩ ጋር ያገናኘዋል። ልጁን በትክክል 1001 አለው። ፋይሉ ግን የ1000 ነው... በሩ ተዘጋ!

እናንተስ በጋራ የምትሠሩ? ምክራችን ይኸውና፦

አንድ ሰው በሁሉም ሊኑክስ ላይ አንድ ቁጥር ይኑረው። ‹አይዲ› የሚባለው ትዕዛዝ ቁጥራችሁን ያሳያችኋል።

የተሳሳቱትን ፋይሎች ለባለቤታቸው መልሱ። በጅምላ ግን አይሁን፤ የጓደኛችሁም ሥራ በዚያው ቁጥር ስለሆነ እየለያችሁ። ቀድማችሁም ቅጂ ያዙ።

የጋራ ለሆነው ሥራ ሁለታችሁም ያላችሁበት ቡድን ፍጠሩ፤ የመጻፍ ፈቃዱንም ለቡድኑ ስጡ። አንዳንዱ ሲቸግረው ‹777› ብሎ ለሁሉም ይከፍተዋል። ይሄ በር ነቅሎ መተኛት ነው!

ሁለቱ ልጆች ቁጥሩን አስተካክለው፣ ይቅር ተባብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እናንተም ጓደኛችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ!