ንጉሡ ሰሌዳውን ያቋረጠበት ጨዋታ

በቼዝ ውድድር ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ጎን ብርታቱን የሚለካ አንድ ቁጥር ይሰፍራል፤ ሬቲንግ ይሉታል። ቀማሪው በሃንጋሪ ተወልደው በአሜሪካ ፊዚክስ ያስተማሩት አርፓድ ኤሎ ናቸው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴም ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1999 በኔዘርላንድስ የባሕር ዳርቻ ከተማ ዌይክ አን ዜ ጋሪ ካስፓሮቭና ቡልጋሪያዊው ቬሴሊን ቶፓሎቭ ሲገናኙ ካስፓሮቭ 2812፣ ቶፓሎቭ 2700 ነበራቸው። በስሌቱ መሠረት ሁለቱ 100 ጊዜ ቢጋጠሙ ካስፓሮቭ 65 ያህል ነጥብ ይወስዳል። የዚያን ቀኑን ጨዋታ ውበት ግን የትኛውም ስሌት አይተነብየውም።

ነጭ የያዘው ካስፓሮቭ በ24ኛው እርምጃ በሩኩ መሐል ላይ የቆመ ወታደር በላ። ሩኩ ራሱ ለመበላት የተጋለጠ ነው። ቶፓሎቭ ትቶት ንጉሡን አንድ ቤት ቢያራምድ ኖሮ ትግሉ ገና ይቀጥል ነበር። እሱ ግን በላው። ወዲያው ሁለተኛው ሩክ ከጥቁሯ ንግሥት አፍንጫ ሥር ቆሞ «ቼክ» አለ። ንግሥቲቱ ብትበላው የነጭ ንግሥትና ፈረስ ተባብረው በጥቂት እርምጃ ማት ያደርጋሉ። ስለዚህ የጥቁሩ ንጉሥ መውጣት ግድ ሆነበት።

ንጉሥን ጥግ ይዞ መጠበቅ ማንም ጀማሪ የሚማረው ነገር ነው። ይህኛው ንጉሥ ግን አደባባይ ወጣ። መንገዱ ላይ አንድ ፈረስ በላ፣ ቀጥሎም ሦስት ወታደሮች። በበላ ቁጥር ወደ ጠላቱ ሠፈር እየጠለቀ በ35ኛው እርምጃ የነጭ ንጉሥ ጨዋታውን በጀመረበት ረድፍ ላይ ተገኘ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ 36ኛው ነው። ካስፓሮቭ ቼክ ማለቱን ትቶ ጳጳሱን ወደተነሣበት ቤት መለሰው፤ ያውም ጥቁሯ ንግሥት ልትበላው በምትችልበት ቦታ። ብትበላው ንጉሡ በሦስት እርምጃ ውስጥ ማት ነው። አልበላችውም፤ ግን ከሁለት እርምጃ በኋላ ራሷ ተበላች። ቶፓሎቭ 44ኛውን አይቶ እጁን ሰጠ።

በውድድር ተጫዋቾቹ እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ይመዘግባሉ። 44ቱንም ዛሬ ሰሌዳ ዘርግቶ መከተል የሚቻለው ለዚህ ነው። የምትሞክሩት ካላችሁ 24ኛው ላይ ቆም በሉና ጥቁርን ሆናችሁ አስቡ፤ ያን ሩክ አለመብላት ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባችኋል። የጨዋታው ክብር ለካስፓሮቭ ብቻ ሲሰጥ ቅር የሚለኝም ለዚህ ነው። ቶፓሎቭ ግብዣውን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ባይታገል ይህ ጨዋታ አይኖርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳን ሉዊስ፣ አርጀንቲና ላይ የፊዴ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውም እሱ ነው።