አሥር ሰከንድ የሚያየው ማሽን

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ታዘዘለትና ኢሲጂ ተነሣ እንበል። ማሽኑ በወረቀቱ ራስጌ ላይ በእንግሊዝኛ «አንደኛ ደረጃ ብሎክ» የሚል ንባብ ያትማል። ልጁ ምንም አያመውም፤ ያን ዕለት ጠዋት ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሮጦ ነው የመጣው። ደንግጦ በሳምንቱ ሌላ ክሊኒክ ሲሄድ ውጤቱ «ኖርማል» ይሆናል። የትኛውን ይመን?

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ የሚያነብ ማሽን ነው። ስድስት ማጣበቂያ ደረት ላይ፣ አራት መቆንጠጫ እጅና እግር ላይ ይደረግና በ12 አቅጣጫ የልቡ መስመር ይወጣል። የተለመደው ቀረጻ አሥር ሰከንድ ያህል ነው። ልብ ግን በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል፤ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ምት ብቻ ነው። የሚመጣና የሚሄድ ነገር አንዱ ወረቀት ላይ ታይቶ ሌላው ላይ ቢጠፋ አይገርምም።

ልብ እንዲመታ የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚነሣው ከልብ የቀኝ የላይኛ ክፍል ነው። በላይኞቹ ክፍሎች ተሰራጭቶ ኤቪ ኖድ የሚባለው ቦታ ይደርሳል። ይህ ኬላ ትእዛዙን ለአፍታ ያዝ አድርጎ ይለቀዋል፤ በዚያች አፍታ የታችኞቹ ክፍሎች በደም ይሞላሉ። ከዚያ በቀኝና በግራ ቅርንጫፍ ወርዶ ልብን ያኮማትራል። ኬላውን እ.ኤ.አ. በ1906 አጥንቶ የገለጸው ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ ነው። ማሽኑን ለሕክምና ያበቃው ደግሞ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ወረቀቱን ቀረብ ብለን እንየው። ቀያይ ትንንሽ ካሬዎች አሉት፤ አንዷ ካሬ 0.04 ሰከንድ ናት። መጀመሪያ ፒ የምትባል ትንሽ ጉብታ ትመጣለች፤ ጥቂት ቆይቶ ኪውአርኤስ የሚባለው ሹል ይከተላል። ከጉብታዋ መጀመሪያ እስከ ሹሉ መጀመሪያ ጤነኛ አዋቂ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ካሬ ነው። ከአምስት ሲያልፍ አንደኛ ደረጃ ብሎክ ይባላል። አንዳንዴ ርቀቱ በየምቱ ይረዝማል፦ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ ከዚያ ጉብታዋ ብቻዋን ትቀራለች፣ ሹሉ አይመጣም። ቀጥሎ ደግሞ ከአጭሩ ይጀምራል። ይህን ሥርዓት ያለው መዝለል ካርል ቬንክባህ እ.ኤ.አ. በ1899፣ ኢሲጂ ሆስፒታል ሳይገባ፣ ከደም ሥር ትርታ ብቻ ለይቶታል። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማደንቀው ይህን ነው።

በብርቱ የሚሠለጥን ሯጭ ሲያርፍ ወይም ሲተኛ፣ ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ ይበረታል፤ ኬላውም ይዘገያል። ስለዚህ የርቀቱ መርዘምም ሥርዓት ያለው መዝለልም ሯጮች ላይ በብዛት የሚታዩና ከሥልጠና የሚመጡ ናቸው። ልጁ ተነሥቶ ትንሽ ቢሮጥ ብዙውን ጊዜ ይጠፋሉ።

ሁሉም የሚመጣና የሚሄድ ነገር ግን እንዲህ የዋህ አይደለም። ከቅርንጫፎቹ አንዱ የልብ ምት ሲፈጥን ብቻ መሥራት የሚያቆምበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ኬላውን የሚያልፍ ትርፍ መንገድ ይዞ ይወለዳል። የዚህን የኢሲጂ ምልክት ዎልፍ፣ ፓርኪንሰንና ኋይት እ.ኤ.አ. በ1930 የገለጹት ጤነኛ መስለው ልባቸው ድንገት በሚሮጥባቸው ወጣቶች ላይ ነው። ትርፉ መንገድ ዛሬ ወረቀት ላይ ታይቶ ነገ ሊጠፋ ይችላል። የመዝለሉ ሌላ ዓይነትም አለ፦ ርቀቱ ሳይረዝም ሹሉ ድንገት የሚቀርበት። ይህ ሯጭም ላይ ቢታይ ሐኪም ሊመረምረው ይገባል።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት የልብን ቫልቭ የሚያበላሽ በሽታ ነው፤ ከምልክቶቹም አንዱ ያው የካሬዎቹ መርዘም ነው። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ያለበት ልጅ ወይም ወጣት ላይ የረዘመ ርቀት ሲታይ «የስፖርተኛ ልብ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። እየሮጠ ራሱን የሳተ፣ ልቡ ድንገት ፈጥኖ ድንገት ወደ ቦታው የሚመለስለት፣ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበትም እንዲሁ ሳይዘገይ ይታይ። ሐኪሙ ሲጠራጠር ሆልተር የሚባለውን፣ ልብን አንድ ቀን ሙሉ የሚቀርጽ ማሽን ያዛል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከሠፈር ክሊኒክ ወደ ጳውሎስ ወይም ወደ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሪፈር ስትባሉ የመጀመሪያውን የኢሲጂ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የሚመጣና የሚሄድ ነገር ማስረጃው ያ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ቀረጻ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። አብዛኛው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይና ጊዜ ያደበዝዙታል። ስለዚህ በተነሣችሁበት ዕለት ቀኑና ስማችሁ እንዲነበብ አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና አስቀምጡት።